የ«ሹድ» ትምህርት

ሊፍቱ በሁለት ፎቆች መካከል ቀጥ ሲል የእንግሊዝኛ መምህርቷ ብቻዋን ነበረች። አልጮኸችም። የአደጋ ደወሉን ተጫነች፤ ጫማዋን አወለቀች፤ ወለሉ ላይ ዘርፈጥ ብላ የተማሪዎቿን የፈተና ወረቀት ማረም ጀመረች። የቋንቋ ትምህርት ቤቱ የሕንፃው የላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ተማሪዎቿ እየጠበቋት ነበር፤ እሷ ደግሞ በከንቱ የሚያልፍ ጊዜ አትወድም።

ትንሽ ቆይቶ ከበሩ ማዶ የወንድ ድምፅ ተሰማ።

«ሰው አለ?»

«ሰውስ አለ፤ የጠፋው መውጫው ነው» አለች።

ማዶ ያለው ሰው ሳቁ አመለጠው። የሊፍት ቴክኒሻን ነበር።

«አይዞዎት። በሩን ብቻ እንዳይነኩት። ቀስ አድርጌ አወጣዎታለሁ።»

«ቀስ አድርገው ሳይሆን ቶሎ አድርገው ያውጡኝ። ክፍል አለኝ።»

በሩ ተከፈተ። ቴክኒሻኑ ጉንጩ ላይ ጥቁር ዘይት ነክቶት፣ የእጅ ባትሪውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ቆሟል። እግሯን አጣጥፋ፣ ወረቀት ታቅፋ፣ ቀይ እስክሪብቶ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ተቀምጣ አገኛት። እሷም ቀና ብላ አየችው። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

«ተቆልፎበት ሥራውን የሚሠራ ሰው አይቼ አላውቅም» አለ።

እንዲያነሳት እጇን ዘረጋች። እጁ ዘይት ስለነበረ ክንዱን አቀበላት። ያዘችና ተነሳች።

ጫማዋን ስታጠልቅ ቴክኒሻኑ በኮሪደሩ ጫፍ ያለውን የትምህርት ቤቱን በር ትክ ብሎ ሲያይ አየችው።

«መማር ይፈልጋሉ?»

«ሳልፈልግ ቀርቼ!» አለ። «የሊፍት ተቆጣጣሪ ለመሆን ተፈትኜ ወድቄያለሁ። የሊፍቱን ነገር እንደ መዳፌ አውቀዋለሁ። የጣለኝ እንግሊዝኛው ነው። እሱም ቢሆን አንዲት ቃል ናት፣ ‹ሹድ› የምትባል።»

«ነገ ከሥራ በኋላ ይምጡ» አለች መምህርቷ። «እሷን ለእኔ ይተዉልኝ።»

ቴክኒሻኑ በማግሥቱ ፊቱን ታጥቦ፣ ሸሚዝ ቀይሮ መጣ። ክፍሉ ውስጥ የፋርማሲ ሠራተኛ የሆነች ወጣት፣ ሁሉም «አባባ» የሚሏቸው ጡረታ የወጡ ሹፌርና ሌሎችም ነበሩ። ከኋላ ተቀመጠ። መምህርቷ እንደ ልማዷ ከሰላምታ ቀጥታ ወደ ሥራዋ ገባች።

«‹መስት› ግዴታ ነው፤ አማራጭ የለውም። የሊፍቱ መመሪያ ፍሬኑ መያዝ ‹መስት› ካለ፣ ካልያዘ ሊፍቱ ይቆማል፤ አለቀ። ‹ሹድ› ግን ምክር ነው። ቢደረግ ይሻላል፣ ቢደረግ ይመረጣል ማለት ነው። ባይደረግ ሰማይ አይደፋም።»

«እኔ ሁለቱንም ‹አለበት› እያልኩ ነበር የማነባቸው» አለ ቴክኒሻኑ።

«ለዚያ ነዋ የወደቅከው» አለችና ደነገጠች። «አንተ» ብላዋለች። ማንም ልብ ያለው አልመሰለም፤ ቴክኒሻኑ ብቻ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ።

ምሳሌ እንዲሠራ አስነሳችው።

«ቲቸር… ዩ ሹድ ቱ ሬስት።»

«‹ቱ›ን ጣላት።»

«ሺ ሹድ ሬስትስ።»

«መጨረሻ ላይ ያለችውንም ‹ስ› ጣላት።»

«እንዴ! ሁሉን ከገፈፍነው ግሱ ምን ለብሶ ሊሄድ ነው?»

«ራቁቱን» አለች። «ከ‹ሹድ› በኋላ ግስ ራቁቱን ነው የሚቆመው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አባባ «ኧረ ነውር ነው!» ብለው ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ቴክኒሻኑ ግን አልሳቀም፤ ስትስቅ እያያት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከክፍል ሲወጡ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ይሸኛት ጀመር። መንገዱ ሁሉ ትምህርት ነበር። ጃኬት ሳትይዝ ስትወጣ «ዩ ሹድ ዌር ኤ ጃኬት» ይላታል። ስልኳን እያየች መንገድ ስታቋርጥ «ዩ መስት ሉክ!» ብሎ ይጮኻል፤ እሷም «ጎሽ፣ እሱስ በትክክል ‹መስት› ነው» ትለዋለች። ስለ ሥራዋ ይጠይቃታል፤ ስለ ሥራው ትጠይቀዋለች። ስለ ልባቸው ግን ማንም ማንንም አልጠየቀም።

አንድ ቀን ዝናብ ወርዶ አንድ የተዘጋ ሱቅ ጣሪያ ሥር ተጠለሉ። ቦታው ጠባብ ነው፤ ትከሻቸው ተነካካ።

«በረደሽ?» አላት።

እስከዚያች ቀን «እርስዎ» ነበር የሚላት። ዞር ብላ አየችው። ቃሉን ሊመልሰው አልሞከረም።

«አልበረደኝም» አለች። «ምነው ዛሬ ዝም አልክ?»

«ዝም አይነቅዝም» አለ።

ዝናቡ አባራ። እሷ ትንሽ ቢቆይ በወደደች።

ብዙም ሳይቆይ የትምህርት ቤቱ ባለቤት አስጠሯት። ሌላ ከተማ አዲስ ቅርንጫፍ ሊከፍቱ ነው፤ ኃላፊዋ እሷ እንድትሆን ይፈልጋሉ። ለዓመታት የተመኘችው ነገር ነበር። ከቢሮው ስትወጣ በደስታ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች። ከታች ስትደርስ ግን ዘወትር ማታ የሚጠብቃት ሰው ትዝ አላትና ቆመች።

መምህርቷ ፈሪ አይደለችም፤ ነገርን አዙሮ መጠየቅ ግን መምህርነት ያስተማራት ጥበብ ነው። በማግሥቱ ክፍል ገብታ ዜናውን በእንግሊዝኛ ነገረቻቸው። ቀጥላም «በሉ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር? በ‹ሹድ› ምከሩኝ» አለች።

የፋርማሲዋ ልጅ ቀደመች። «ዩ ሹድ ኖት ጎ፣ ቲቸር! ዊ ላቭ ዩ!»

አባባ ተነሡ። «ዩ ሹድ አስክ ፎር ኤ ካር!» ሁሉም ሳቀ።

ተራው ቴክኒሻኑ ጋ ደረሰ። ተነሥቶ ቆመ። እሷ በልቧ አትሂጂ በለኝ፣ አትሂጂ በለኝ እያለች ነበር። ቀና ብሎ ፊት ለፊት አያት።

«ዩ ሹድ ጎ» አለ።

«ቱ» የለባትም፤ «ስ» የለባትም። ክፍል ውስጥ ከአፉ እንከን የሌላት ዓረፍተ ነገር ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነበረች።

«ኮሬክት» አለች መምህርቷ፤ ፊቷን ለማዞር ወደ ሰሌዳው ሄደች።

ያን ማታ ቴክኒሻኑ እንደ ወትሮው ታች ቆሞ ጠበቃት። እሷ በኋላ በር ወጥታ ሄደች።

ወላጆቻቸው ካረፉ ጀምሮ ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት። መምህርቷ እራት ሳትነካ ስትቀር ነገሩን በግድ አወጣጣቻት።

«ታዲያ ምን አጠፋ? ሂጂ አለሽ፤ ሂጂ!» አለች እህትየዋ። «ወንድ ልጅ ሂጂ ካለ ሂጂ ማለቱ ነው፤ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ይልቅ እንደኔ ጠብቂኝ ያለሽ እንደሆነ ነው መፍራት። ጠብቂኝ ያለኝን ስጠብቅ ነው ይሄ ፀጉር የሸበተው። ሚጢዬ፣ ሻንጣሽን አዘጋጂ።»

«አዘጋጃለሁ፣ እትዬ» አለች። «ሥራውን እንደሁ እሄድበታለሁ፤ ማንም አያስቀረኝም። ግን በግምት አዝኜ አልሄድም። ዓይኑን እያየሁ እጠይቀዋለሁ።»

ጠዋት የሚሠራበትን ሕንፃ ጠይቃ አገኘች። ቴክኒሻኑ ጣሪያው ላይ ባለው የሊፍት ሞተር ክፍል ውስጥ ነበር። ደረጃውን ወጥታ በሩ ላይ ስትቆም መፍቻው ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«ሂጂ አልከኝ» አለችው።

«አዎ።»

«ለምን?»

«ይገባሻላ!» አለ። «ከሁሉ በላይ የምትለፊው አንቺ ነሽ። ‹ይገባታል› ብዬ አሰብኩና ‹ሹድ› አልኩ። ተሳሳትኩ እንዴ?»

መምህርቷ አሁን ገባት። በእነሱ ቋንቋ «ይገባሻል» ምክርም ይሆናል፣ የድካም ዋጋም ይሆናል። ይህን ሁሉ ጊዜ ስታስተምር ይህች ነገር አንድም ቀን ትዝ ብሏት አያውቅም።

«እሱ ሌላ ቃል ነው። ‹ዲዘርቭ› ይባላል» አለች ቀስ ብላ። «‹ሹድ› ስትል ግን ሂጂ፣ ብትሄጂ ይሻለኛል ያልከኝ መሰለኝ።»

«ብትሄጂ ይሻለኛል?» መፍቻውን አስቀመጠ። «እኔን? ማታ ጠብቄሽ ስትቀሪ እንዴት እንዳደርኩ ብታይ!»

«ታዲያ ምን ትፈልጋለህ? ምክርህን ተወው። የምትፈልገውን ንገረኝ፤ በራሳችን ቋንቋ።»

ከታች አንድ ሰው ሊፍቱን ጠራ። ትልቁ መዘውር ዞረና ቆመ። ቴክኒሻኑ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ደግሞ ጠረገ።

«እንድትቀሪ አልፈልግም» አለ። «በእኔ ምክንያት ብትቀሪ ራሴን እጠላለሁ። የምፈልገው አብሬሽ መሄድ ነው። ግን ምን ብዬ? ፈተና የወደቀ ሰው ነኝ።»

«የወደቅከው ከፈተናው ነው እንጂ ከዓይኔ አይደለም።»

ቀና ብሎ አያት። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም።

«እንግዲያው ልምጣ?» አለ።

«ምክር ነው ጥያቄ?»

«ጥያቄ ነው።»

«መልሱ እሺ ነው» አለችው።

እሑድ ቤታቸው መጣ። እህትየዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከእግሩ እስከ ራሱ በዓይኗ ለካችው።

«ሂጂ ያልካት አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«አሁን ደግሞ ልትከተላት ነው?»

«አዎ።»

«ከሁለቱ የትኛውን ልመን?»

«ሁለቱንም» አለ ቴክኒሻኑ። «እሷ መሄድ አለባት። እኔም መከተል አለብኝ።»

«ፈተናውን ደግመህ ብትወድቅስ?»

«ደግሜ እፈተናለሁ። እስከዚያ እዚያም ሊፍት አለ፤ ባለሁበት ሙያ ሠርቼ እኖራለሁ። ጠብቂኝ አልላትም፤ ራሴ እደርሳለሁ።»

እህትየዋ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። ወደ ታናሿ ዞረች።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እወደዋለሁ» አለች መምህርቷ።

ለእሱም ነግራው አታውቅም ነበር። ቴክኒሻኑ መሬት መሬት ሲያይ ከቆየበት ቀስ ብሎ ቀና አለ። እህትየዋ ወደ ስፌት መኪናዋ ዞራ ያልተበጠሰ ክር ልትቀጥል ጎንበስ አለች፤ ድምፅዋም ተለወጠ።

«ታዲያ ተቀመጡ እንጂ! እንደ ምሰሶ ተገትራችሁ ምን ትጠብቃላችሁ?»

መምህርቷ ቀድማ ሄደች፤ ቴክኒሻኑ እስኪፈተን ቀረ። ማታ ማታ በስልክ ታስጠናዋለች፤ ትቆጣዋለች፤ ሲገባው ደስ ይላታል፤ ስልኩን የሚዘጋው ግን ይጠፋል። እሷ በአዲሱ ቅርንጫፍ ወንበር ከመግዛት እስከ መምህር መቅጠር ደፋ ቀና ስትል፣ እሱ በቀረበት ከተማ ሕንፃ ለሕንፃ እየዞረ መመሪያ ያነባል።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ፈታኙ መመሪያውን ገልጠው ሊፍቱ የሚወጣ የሚወርድበትን ሐዲድ ቅባት የሚመለከተውን መስመር አሳዩት። «ሹድ» ይላል።

«ቅባቱ በወቅቱ ተቀይሮ ባታገኝ ሊፍቱን ትዘጋለህ?» አሉት።

«አልዘጋም። ምክር ስለሆነ እንዲቀየር ለባለቤቱ አሳስባለሁ።»

«ፍሬኑስ?»

«እሱ ‹መስት› ነው» አለ ቴክኒሻኑ። «ባለቤቱ እግሬ ላይ ቢወድቅም እዘጋዋለሁ።»

ፈታኙ ሳቁ፤ አሳለፉትም። የሚሠራበት ድርጅት መምህርቷ ባለችባት ከተማ ተቆጣጣሪ ይፈልግ ስለነበር እዚያ መደበው።

በደረሰ ቀን መምህርቷ መናኸሪያው ማዶ ቆማ ነበር። ከአውቶቡሱ ሲወርድ ገና አላያትም። እስኪያያት አልጠበቀችም፤ መንገዱን አቋርጣ በሰው መሐል አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። በአንድ እጁ ሻንጣ፣ በሌላው በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዞ ስለነበር ሊያቅፋት አልቻለም።

«አስቀምጠው እንጂ!»

«ይሄንን መሬት እንዳላስነካው ታዝዣለሁ» አለ። «እህትሽ ናት። እንዳላየውም አስምላኛለች።»

መምህርቷ ጥቅሉን ተቀበለችና ጀርባዋን ሰጥታው ጫፉን ገለጥ አደረገች። ነጭ ነው። በትከሻው ላይ ያለው ጥልፍ በእጅ የተሠራ ነው፤ ልኩም ማንም ሳይለካት ልኳ ነበር። ጠብቂኝ ያላትን ሰው ስትጠብቅ ፀጉሯ የሸበተው እህቷ፣ የሙሽራ ቀሚስ ሰፍታ ልካለች።

ወረቀቱን መልሳ ጠቀለለችው፤ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች።

«ምንድን ነው?» አለ ቴክኒሻኑ።

«አታይም ተብለሃል አይደል?» አለችው። «እትዬ መቼ ትመጣለች?»

«እናንተ ቀኑን ቁረጡ፣ እኔ መምጣቱን አላጣውም ነው ያለችው።»

«እንግዲያው ዛሬ እንቁረጥ» አለች መምህርቷ፤ ጥቅሉን ደረቷ ላይ አቅፋ በሌላ እጇ እጁን ያዘችና መንገዱን አብረው ተሻገሩ።