የአያ አድማሱ የአደራ እግር

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ሻይዬን ይዤ የምሳለቅ ሰው ነኝ፣ ሥራዬም ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ የግል ላቦራቶሪ ከሕመምተኛ አካል የተወሰደ ናሙና ተቀብዬ ፎርማሊን ውስጥ ማስቀመጥ፣ ውጤቱ ወጥቶ ጊዜው ሲያልፍ ደግሞ ማቃጠል ስለሆነ፣ ሥጋ ሥጋ ነው ብዬ ነበር የኖርኩት።

ታዲያ ከቡሬ ገጠር የመጡ አያ አድማሱ የሚባሉ ገበሬ፣ ውስጥ እግራቸው ላይ በወጣ እጢ የተነሣ ግራ እግራቸው ከቁርጭምጭሚት ተቆርጦ ወደ እኔ መጣ። በሳምንቱ ራሳቸውም በክራንች መጡና፣ «አደራሽን የኔ ልጅ፣ ምርመራው ሲያልቅ እንዳትጥይብኝ፣ ልጄ ይበልጣል መጥቶ ይወስደዋል፣ ኋላ በትንሣኤ ዘጉባኤ እግሬን ፍለጋ ስዞር እንዳልውል» አሉኝ። ሳቅሁና፣ «አይጨነቁ፣ ሳልደውል አልነካውም» አልኳቸው።

እመኑኝ፣ ክፋት አልነበረም፣ ስንፍና ነበር። አንድ ረፋድ መደርደሪያው ሞልቶ ጊዜው ያለፈበትን ሁሉ ሳወጣ የአያ አድማሱንም እግር አየሁት፣ አሁን ማን ይደውላል አልኩና ከሌላው ጋር ማቃጠያው ውስጥ ከተትኩት፣ አመድ እስኪሆንም እዚያው ቆሜ ነበር።

በማግስቱ ይበልጣል ደወለ። «አባቴ ትናንት ከረፋድ ጀምሮ ‹የተቆረጠው እግሬ ተቃጠለ፣ ውኃ አፍስሱልኝ› እያሉ ሲጮኹ ዋሉ፣ ለመሆኑ እግሩ ደኅና ነው?» አለኝ። የተቆረጠ አካል እንደሚያም እኔም አውቃለሁ፣ ሰዓቱን ግን ማን ነገራቸው? አፌ ላይ የመጣልኝን ዋሸሁ፣ «ቦታ ቢጠበን በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ከከተማው ዳር ካለው ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ከትልቁ ወይራ ሥር ቀብሬላቸዋለሁ» አልኩ።

አያ አድማሱ በወሩ ዐረፉ። ይበልጣል እግሩን አውጥቶ አብሮ ሊቀብር ዶማ ይዞ በሌሊት መኪና መጣ፣ እኔ ደግሞ ሲደውል ጅብ አውጥቶት ይሆናል ልለው ተዘጋጅቼ ጠበቅሁ። ደወለ። «አገኘሁት እቴ፣ እንዳልሽው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል፣ አውራ ጣታቸው ላይ ያለው የመጥረቢያ ጠባሳ ሳይቀር አለ፣ እግዜር ይስጥሽ» አለኝ። ስልኩን ይዤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

በዐርባቸው ጠሩኝ፣ ቀርቼ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቄሱ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አደራ ጠባቂ ብለው መረቁኝ፣ እውነቱን ልናገር ብድግ ስል ይበልጣል እጄን ይዞ ሳመኝ፣ ከአፌ የወጣው «አሜን» ብቻ ነው። ከአያ አድማሱ ጋር የተቀበረው እግር የማን እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ያቃጠልኩት ግን የእሳቸውን ነው።