መሃል ያረፈው ማኅተም

ድም!

አምኃ የጓዳውን በር ከመክፈቱ በፊት ድምፁ የማኅተም መሆኑን አውቋል። የማን እንደሆነ ነው ያላወቀው።

ገባ። የብሬብሩክ መረዳጃ ማኅበር ሊቀ መንበር ጋሽ ደመላሽ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብለው ቀለሙን እፍ ይሉታል። በስደት አገር ያሉ አምስት ማኅበራት ተጣምረው ለልጆቻቸው የቅዳሜ ትምህርት አዳራሽ እንዲሰጣቸው ለከተማው ምክር ቤት፣ ለካውንስሉ፣ የጻፉት ደብዳቤ ነው። በጥምረቱ ደንብ አንድ ማኅተም ከጎደለ አይሄድም፤ ቀነ ገደቡ ደግሞ ዛሬ ነው።

ሦስት ወር ያጨቃጨቃቸው ማን ከላይ ያትም የሚለው ነበር። ዘዴውን ያመጣችው የዳንደኖንግ ሴቶች ማኅበር ተወካይዋ ሲፋን ናት። «ክብ ሠርተን እንምታው፤ ክብ ላይ አንደኛ የለም» አለች። ጸሐፊው አምኃ ያን ቀን ቃለ ጉባኤውን ትቶ እሷን ሲያይ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ባቡር ጣቢያ ይሸኛታል፤ አንዱን ባቡር ያሳልፋሉ፣ ቀጣዩንም። ከማኅበርተኞቹ አንዷ እትዬ ማንተግቦሽ «የእናንተስ ጥምረት መቼ ነው የሚፈረመው?» እያሉ ያሾፉባቸዋል።

ባለፈው እሑድ ጣቢያው ላይ፣ «የማኅበራችን እናቶች የክቡ መሃል ከተያዘ ሳታትሚ ተመለሺ ብለውኛል» አለችው።

«መሃሉን ለኔ ተይው። እኔ እጠብቀዋለሁ» አላት።

አሁን የጋሽ ደመላሽ ማኅተም ክቡ መሃል ጉብ ብሏል። የሌሎቹ ሦስት ማኅበራት ተወካዮች አትመው ወደ ሥራቸው ሄደዋል።

«ጋሼ…»

«ምነው? ሊቀ መንበር ዳር ይቆማል እንዴ? እሷን አንተ ታሳምናታለህ።»

አምኃ ሰዓቱን አየ። ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ በመስኮት ያያል።

ሲፋን ሁለት ባቡርና አንድ ባስ ቀያይራ ደረሰች። ወረቀቱን አየች። ቀጥሎ እሱን።

«ይሄ ሲመታ የት ነበርክ?»

«በር ላይ።»

«ከገባህ በኋላስ?»

«የካውንስሉ ቢሮ ሊዘጋ እኮ ነው፣ ሲፋን…»

«ሰዓት አልጠየቅሁህም።»

«ልጄ፣ ማኅተሙን ዙፋን አደረግሽው እኮ!» ሳቁ ጋሽ ደመላሽ።

«የተቀመጡበት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።»

ሲፋን የግድግዳውን የልጆች ሥዕል ረጅም ጊዜ አየች። ከቦርሳዋ ማኅተሟን አወጣች፤ ቀለም አስነካችው፤ በክቡ ላይ ቦታዋን ፈለገች።

ድም!

«አላልኩህም?» አሉ ጋሽ ደመላሽ።

አምኃ እፎይ ብሎ እንደ ወትሮው ሊሸኛት ጃኬቱን አነሳ። እጇን ዘርግታ አስቆመችው። ብቻዋን ወጣች።

እናቶቹ አትምቺ ያሏትን ማኅተም ጠረጴዛው ላይ ትታዋለች፤ ቀለሙ ገና እርጥብ ነው። ውጪ ባሱ ሲነሳ ተሰማ።