የይመር ተሳፋሪዎች

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ እዚሁ መካነ ሰላም፣ ጂን አየሁ፣ የጠፋ ሰው ድምፅ ሰማሁ የሚል ሲያጋጥመኝ ስቄ የማልፍ ሰው ነበርኩ፣ ይህንንም ሌላ ሰው ቢያወራኝ አላምነውም ነበር፣ ወላሂ ግን የሆነው እንዲህ ነው።

ጦርነቱ ወደኛ በኩል ሲጠጋ መጀመሪያ ኢንተርኔቱ ጠፋ፣ ቀጥሎ ስልኩም ተዘጋ። በዚያው ሰሞን ታናሽ ወንድሜ ይመር ሚኒባሱን ሞልቶ ወደ ወረኢሉ እንደወጣ ቀረ። መንገዱ ላይ ተኩስ ነበር የሚሉ ሰዎች መጡ፣ ሬዲዮው ደግሞ አካባቢው ሰላም ነው ይላል፣ ወረዳው ቢሮ ሄጄ ብጠይቅ "መምህር፣ እርስዎም ወሬ ይዘው ይዞራሉ?" ብለው መለሱኝ። ለእናቴ ምን ልበላት? ሬሳ የለ፣ የሚያምነን የለ፣ ለቅሶ እንኳ መቀመጥ አልቻልንም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ዝናቡ ገና እንዳባራ፣ ለመብራቱ ብዬ ብቻ ቻርጅ የማደርገው ስልኬ ጠራ። እመኑኝ፣ ኔትወርክ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ደጋግሜ አይቻለሁ። አነሳሁት። ነፋስ ይሰማል፣ የሚኒባስ በር ተጎትቶ ሲዘጋ ይሰማል፣ ከዚያ ሰዎች ተራ በተራ፣ ቀስ ብለው፣ ስማቸውን መናገር ጀመሩ።

"ሰይድ።"

"ብርቱካን።"

"ከድጃ።"

እናቴ ጆሮዋን አስጠግታ ነበር። "ይቺ ከድጃ የጎረቤታችን ልጅ አይደለችም እንዴ? ከይመር ጋር የተሳፈረችው!" አለችኝ፣ ከዚያ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ "ይመርስ? ልጄስ?" ስትል ተቋረጠ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ኔትወርኩ ሲመለስ መጀመሪያ የደወለችው ጅዳ ያለችው እህታችን ዘሃራ ናት። እኛ ምንም ሳንነግራት፣ "ከይመር ስልክ ተደውሎልኝ ነበር፣ ሰዎች ስማቸውን ይናገራሉ፣ የሰማሁትን ኢንተርኔት ላይ ለጠፍኩት፣ ወዲያው ጠፋ፣ ደግሜ ብለጥፍ ገጼን ዘጉብኝ" አለች እያለቀሰች።

"ይመርስ?" አለቻት እናቴ።

"እሱን አልሰማሁትም እማ። ከከድጃ በኋላ አንድ ሰው ሊናገር ሲል ትንፋሹ ብቻ ተሰማኝ።"

ከዚያ ወዲህ እናቴ አመሻሽ ላይ ስልኬን ተቀብላ ጆሮዋ ላይ ትይዛለች፣ እኔም አልከለክላትም። ባለፈው ሰሞን ግን አንጀቴን በላችኝና "እማ፣ ቻርጁ እኮ አልቋል፣ ስልኩ ጠፍቷል" አልኳት።

"ዝም በል፣ ተራው ደርሷል" አለችኝ።

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ አፉን ለሚፈታ ሕፃን እንደሚባለው፣ "በል ልጄ፣ በል፣ ስምህን በል" አለችው።

ተጠግቼ አዳመጥኩ። የሚተነፍስ ሰው ነበር።