ከጀርባው የረጠበ ሌንስ

ፊልም ሊቀርጽ የመጣው ወንድማገኝ በማንኪራ ጫካ ውስጥ፣ የንብ አርቢው የአዲሱ ቀፎ ከተሰቀለበት ዛፍ ሥር ሞቶ ተገኘ። ካሜራው አንገቱ ላይ ነበር፤ አጠገቡም የተበጠሰ ገመድ ወድቋል። ኢንስፔክተር ወሰንየለሽ ከቦንጋ እንደደረሰች ወንዙ ሞላና መመለሻው ተዘጋ። ምን ይደረግ! ሬሳውን በረንዳ ላይ በሸራ ሸፍነው ሁሉም በንብ አርቢው ቤት አንዲት ክፍል ውስጥ ተፋጠጡ። ጭቃ የበላ ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ገቡ፤ የሟቹ የሥራ ባልደረባ ማዕረግ ብቻ እንደተጫማ ተቀመጠ። በገዛ ቤቱ እጁን የታሰረው አዲሱ ነበር።

«ቀፎዬን እንዳትቀርጽ ብሎ ትናንት ዝቶበታል» አለ ማዕረግ። «ዛሬ የበሰበሰ ገመድ ሰጥቶ ዛፍ ላይ አወጣው። ሲወድቅ ከሩቅ አይቻለሁ።»

«ኧረ በእግዜር! እኔ ገመድ አልሰጠሁም!» አለ አዲሱ። «ትናንት ተቆጣሁ፣ እውነት ነው። ይቅርታ ሲለኝ ግን ፈቀድኩ። እኔ ብታሰር ልጆቼን ማን ሊያይልኝ ነው?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ክፍሉ ያፍናል፤ መውጫ የለም።

ህይወት ጥግ ይዛ ታለቅሳለች። ካሜራውን ለሟቹ ቦንጋ ላይ የሸጠችለትና አጠቃቀሙን ልታሳየው አብራ የመጣችው እሷ ናት።

«ሲመርጥ ምን አለሽ?» አለቻት ወሰንየለሽ።

«ርካሽ አሳየሁት፣ ቀላል አሳየሁት፤ እምቢ አለ። ‹ከሩቅ የሚያቀርብ ሌንስና ጠንካራ ስታንድ ስጪኝ፤ ንብ ካለበት ዛፍ ላይ በፍጹም አልወጣም› አለኝ። ንብ ሲነድፈው ሰውነቱ ያብጣል። ማዕረግም አብሮት ነበር፤ ሌንስ መቀየር ለሁለቱም አሳየኋቸው።»

ወሰንየለሽ ወጥታ ሸራውን ገለጠች። የሟቹ ማጅራት ተፈንክቷል፤ ፊቱና እጁ ላይ ግን አንድም ንድፊያ የለም። ካሜራው ላይ የተገጠመው ትንሹ ሌንስ ነው፤ ምስሉ የሚቀመጥበት ሚሞሪ የለም። ረጅሙን ሌንስ ከቦርሳው ስታወጣው ጀርባው ረጥቧል።

«ማነው ጀርባውን ሳይከድን የከተተው?» ጮኸች ህይወት ከበሩ ላይ። «ሻጋታ ይበላዋል እኮ!»

ወሰንየለሽ ተመልሳ በሩን በጀርባዋ ዘጋች።

«ስሙኝ። ንብ የሚፈራ ሰው ንቡን በጭስ ሳያባርር ቀፎ ድረስ ወጥቶ አንዲት ንብ አልነካችውም? አልወጣም። መሬት ላይ ቆሞ በረጅሙ ሌንስ እየቀረጸ ሳለ ከኋላው ተመታ። ያን ከባድ ሌንስ ይዞ ዛፍ ወጣ ቢባል ማን ያምናል? ስለዚህ ገዳዩ ነቀለውና ትንሹን ገጠመ። ጋሽ አዲሱ ሌንስ መንቀል አያውቁም፤ ቢያውቁስ ከገዛ ዛፋቸው ሥር ጥለው ራሳቸውን ያስይዛሉ? ህይወት ደግሞ ሳትከድን አታስቀምጥም።»

ማዕረግ ሳቀ። «በክዳን ሰው ይታሰራል እንዴ?»

«በክዳን አይታሰርም። ሚሞሪው ግን የት ገባ? ጫማህን አውልቅ።»

ማዕረግ በሩን አየ፤ እሷ ቆማለች። መስኮቱን አየ፤ ከመስኮቱ ማዶ ወንዙ ያጓራል። ሚሞሪው ካልሲው ውስጥ ተገኘ።

«ማዶ ደኑን በድብቅ የማስቆርጠው እኔ ነኝ» አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ያ ሌንስ ሳስቆርጥ ፊቴን ሳይቀር አቅርቦ ቀረጸው። አጥፋው ብዬ ለመንኩት፤ እምቢ አለኝ!»

ወሰንየለሽ ገመዱን ከአዲሱ እጅ ፈትታ ማዕረግን አሰረችበት። «ይቅርታ ያድርጉልን፣ ጋሽ አዲሱ። ወንዙ እስኪጎድል ብቻ…»

አዲሱ እጁን እያሻሸ ተነሳና በሩን ከፈተው።

«ከቤቴ ውጡልኝ።»

«በዚህ ዝናብ?» አለች ህይወት።

«በዚህ ዝናብ። ቀኑን ሙሉ ቤቴ ተቀምጣችሁ፣ አንዳችሁ እንኳ ‹እጁን ፍቱለት› አላላችሁም።»

ወሰንየለሽ ማዕረግን እየጎተተች ቀድማ ወጣች።