ከሚስማሩ ላይ ያወረድኩት ሄልሜት

መጀመሪያ የሰማሁት ትንፋሽ ነው።

ምንም ሳላይ... ልክ ጆሮዬ ሥር... ቀስ ያለ፣ የደከመው ሰው ትንፋሽ።

ተረት የሚመስለው ይለፈኝ። እኔ የደረሰብኝን ነው የምጽፈው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው አገር፣ ከታላቅ ወንድሜ ኋላ ሞተር ላይ ተቀምጬ።

ለዕረፍት ነበር የሄድነው። እናታችን "አደራ፣ እንደወሰድከው መልሰው" ብላዋለች። ስለዚህ ወንድሜ ጥንቃቄ አብዝቷል። ሞተሩን ስንከራይ ፍሬኑን ሞከረ፣ ጎማውን በእግሩ ጠለዝ ጠለዝ አደረገ፣ ጭረቱን ሁሉ በስልኩ ፎቶ አነሳ።

ያለ ሄልሜት ንቅንቅ የለም አለኝ።

መደርደሪያው ላይ ያሉት ሁሉ ጠበቡኝ። ለአንተስ ድስት ነው የሚያዋጣው ብሎ ሳቀብኝ። እሱና አከራዩ ውጪ በጭረቱ ሲነታረኩ፣ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ለብቻው የተሰቀለ አንድ አገኘሁ።

ማንንም አልጠየቅኩም። አጠለቅኩት። ለእኔ ተለክቶ የተሠራ ይመስል ልክክ አለ።

ውስጡ ግን እርጥብ ነበር። የሰው ላብ... ገና ያልቀዘቀዘ።

ገደላማውን መንገድ ስንያያዘው ነው ትንፋሹ የጀመረው። የራሴ ይሆናል ብዬ ትንፋሼን ዋጥ አደረግኩ።

አልቆመም።

የሄልሜቱ መስታወት ከውስጥ በላበት ተሸፈነ... እኔ ሳልተነፍስ።

ማሰሪያውን ጎተትኩ። ዘለበቱ አልከፈት አለ። ጭራሽ ጠበቀ። የወንድሜን ጀርባ ደበደብኩ።

"አቁም... በናትህ አቁም።"

ዳር ይዞ አቆመ። ወርጄ መንገዱ ላይ ተንበረከክሁ። ማሰሪያው ጉሮሮዬ ላይ ተጣብቋል፤ ምራቅ መዋጥ እንኳ አቃተኝ። አይዞህ፣ አለሁልህ፣ አትወራጭ እያለ ዘለበቱን በጣቱም በጥርሱም ታገለው። ወይ ፍንክች።

"ቆይ... አየር ላስገባልህ።"

መስታወቱን ወደ ላይ ገፋው።

ዐይን ለዐይን ተያየን።

እጁ አየር ላይ ቀረ።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ከዚያ ልብሱን አስተካከለና ጎንበስ አለ... ሰው እንደሚያከብር ልጅ።

"ይቅርታ አባቴ" አለኝ በሹክሹክታ። "ከኋላዬ አንድ ልጅ ተቀምጦ ነበር... ታናሽ ወንድሜ ነው። ወድቆ አላዩም?"

እኔ ነኝ ልለው አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣኝም። ክንዱን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ። ሰላምታ መስሎት በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

መልስ አልጠበቀም። ሞተሩን አዞረና ቁልቁል ተመለሰ... በዝግታ፣ ወደ ገደሉ አንገቱን እያሰገገ፣ ስሜን እየጠራ።