የብልቃጧ አንገት

የመድኃኒት ብልቃጧ በጤና ረዳቱ በድሬሰር ንጉሤ እጅ ውስጥ ቀጭ ብላ ደቀቀች።

አንገቷ ብቻ መሰበር ሲገባው ከላይ እስከ ታች ተፈረካከሰች። መድኃኒቱ በጣቶቻቸው መሃል ወርዶ የጤና ጣቢያውን የአፈር ወለል አራሰው። አየለች ዘላ መዳፏን ከሥር ዘረጋች። የቀረላት ጥቂት ጠብታና የመስታወት ስንጥር ነበር።

«ተዪው! ስንጥር ገብቶበታል፤ ይህ የሰው ገላ ውስጥ አይገባም» አሉ ድሬሰሩ። ብልቃጧን የመቱበትን መቀስ አስቀምጠው የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ወሸቁ። ወባ እሳቸውንም ይዟቸዋል፤ ከጠዋት ጀምሮ ካፖርት ደርበው ጥርሳቸው ይንገጫገጫል።

አልጋው ላይ የተኛው አንጁሎ ነው፤ የአየለች ታናሽ ወንድም። ትናንት ትኩሳት ብቻ ነበር። ሲነጋ ግን ዓይኑ ተገለበጠ፣ ጥርሱ ገጠመ፣ ስሙን ቢጠሩት የማይሰማ ሆነ። እናቱና አየለች በዝናብ ላስቲክ አልብሰው እየተቀባበሉ ተሸክመው አመጡት። ድሬሰሩ ገና ሲያዩት «ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቷል፤ ኪኒን አይውጥም፤ መርፌ ነው» አሉ። ካርቶኑ ውስጥ የነበሩት ሁለት ብልቃጦች ነበሩ። አሁን አንዲት ቀረች።

«ዶክተር፣ ያቺኛዋን ይስበሯት እንጂ! ምን ይጠብቃሉ?» አለች እናቷ ቦሼ፤ የልጇን ራስ ጭኗ ላይ እንደያዘች።

«በየትኛው እጄ፣ ቦሼ? አታዪውም እንዴ?»

ድሮ በየካርቶኑ አንዲት ትንሽ መጋዝ አብራ ትመጣ ነበር። የብልቃጥ አንገት በእሷ ተጭሮ ነው የሚሰበረው። መጋዟ ከጠፋች ቆየች፤ አዲስ ካርቶንም አልመጣም። ድሬሰር ንጉሤ ከዚያ ወዲህ በመቀስ ጀርባ ኳ እያደረጉ ሲሰብሩ ኖረዋል። እጃቸው ጤነኛ ሳለ ሆነላቸው።

«እንግዲያው አየለች ትምታት» አለች ቦሼ። «እጇ ደህና ነው።»

አየለች መቀሱን በቀኝ፣ ብልቃጧን በግራ ያዘች። የብልቃጧ አንገት የሳር አገዳ ታክላለች። ኳ ብታደርጋት ምን እንደምትሆን ማን ያውቃል? ክንዷ ተነሳና አየር ላይ ቀረ።

ቲቸር ወንድይፍራው ትዝ አሏት። እሷ በምትማርበት በጂንካ ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍልን ሜዳ አውጥተው፣ በመስመር አሰልፈው፣ እጅ ለእጅ ያያያዟቸው ቀን።

«አሁን እናንተ የአሸዋ አተሞች ናችሁ» ብለው ነበር። «በሉ ቀለጣችሁ! ሩጡ! ተቀላቀሉ!» ክፍሉ ሁሉ እየሳቀ ተተራመሰ። ወዲያው ፊሽካ ነፉ። «ባላችሁበት! ያገኛችሁትን እጅ ያዙ! ይኸው መስታወት ሆናችሁ። ልጆቹ እነዚያው ናቸው፤ ሰልፉ ግን የለም። ቶሎ ቀዘቀዛችሁና ቦታችሁን ሳታገኙ ቀራችሁ።»

ከዚያ ወንድሙ የሚባለውን ተማሪ ጠሩት። «አንተ ሶዳ ነህ። አሸዋ በቀላሉ እንዲቀልጥ አንተን እንጨምርሃለን። ግባና እጅ አላቅቅ።» ወንድሙ በደስታ እየተጋፋ ገብቶ የአየለችን እጅ ከጎረቤቷ እጅ አላቀቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ሶዳ ሆኖ ቀረ። «ሶዳ፣ ከመሃላችን ውጣ!» ይሉታል ሴቶቹ።

መጨረሻ ላይ ቲቸር ከወንዝ የመጣ ነጭ ድንጋይ ከኪሳቸው አውጥተው ጠርሙስ ጫሩበት። «ይህ የአሸዋ እናት ነው። አተሞቹ እንደተሰለፉ፣ እጃቸውን ሳይለቁ ነው ያሉት። መስታወቱን ይጭራል፤ መስታወቱ ግን አይጭረውም። ብረት ሲመታ አተሞቹ ተንሸራተው ይጎብጣል። መስታወት መንሸራተቻ የለውም፤ መጉበጥ አያውቅም። የተጫረ ቦታ ካገኘ ጉልበቱ ሁሉ እዚያ ይከማቻል፤ ስንጥቁም ከዚያ ይነሳል። ካላገኘ በፈለገው በኩል ይሄዳል።»

አየለች መቀሱን አስቀመጠች።

«አልመታም።»

«ምን አልሽ?» እናቷ ቀና አለች።

«መጀመሪያ መጫር አለባት። ነጭ ድንጋይ ላምጣ።»

«አንቺ ልጅ፣ ጨዋታ መሰለሽ?» ድሬሰሩ ከካፖርታቸው ውስጥ ተቆጡ። «በዚህ መቀስ ስንቱን ሰብሬያለሁ!»

«ያኔ ብልቃጡ ብዙ ነበር፣ ጋሼ። አሁን አንዲት ናት።»

ቦሼ ከአማርኛው ወጥታ በቤት ቋንቋቸው በአሪኛ ጮኸችባት። «ወንድምሽ እየሞተ ድንጋይ ልትለቅሚ ነው? ከአፌ ቀምቼ ጂንካ የማስተምርሽ ለዚህ ነው?»

አየለች ወጥታ ሮጠች። ዝናቡ አላባራም። ምድሩ ሁሉ ቀይ ጭቃ ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች ከወንዝ አምጥተው በር ላይ ያፈሰሱት ጠጠር እንኳ ሰምጧል። ተንበርክካ በጣቷ ቆፈረች። ጥቁር። ግራጫ። ጥቁር። አንድ ነጣ ያለ አገኘችና፣ ይዛው ከወጣችው ከተሰበረችው ብልቃጥ ቁራጭ ላይ ሳበችው። ነጭ መስመር ወጣ! በአውራ ጣቷ ስትጠርገው ግን መስመሩ ጠፋ። ዱቄቱ የድንጋዩ የራሱ ኖሯል። ወረወረችው።

ከውስጥ የአልጋው ሽቦ መንቋቋት ጀመረ። አንጁሎን እንደገና አንቀጥቅጦታል። «አንጁሎ! አንጁሎ!» ትላለች እናቷ። የአየለች እግር ወደ ውስጥ ሊሮጥ ፈለገ። መቀስ ምን አለበት? አንዴ ኳ ማድረግ ብቻ ነው። ጣቷ ግን ጭቃውን አልተወም፤ ይቆፍራል፣ ያወጣል፣ ይጭራል፣ ይጥላል። ጥፍሯ ተልጦ ይደማል። እንባዋና ዝናቡ ተደባልቀው ማየት ሲሳናት በመዳሰስ ቀጠለች።

አንዱ ድንጋይ እንደ ጥርስ የሰላ ጠርዝ ነበረው። ቁራጩ ላይ ስትስበው ጭርር አለ። ጠረገችው። አልጠፋም። ጥፍሯን ስታሳልፍበት ያዝ አደረጋት።

ስትገባ ድሬሰሩ አልኮል የነካ ጥጥ ዘረጉላት። ድንጋዩንም የብልቃጧንም አንገት ወለወለች። ትንፋሿን ይዛ አንዴ ጫረች። ልትደግመው ቃጣትና ተወችው።

«በጨርቅ ያዣት» አሉ ድሬሰሩ፤ ድምፃቸው ለዘብ ብሏል። «ጭረቱ ወዳንቺ ይዙር። አናቷን ወደዚያ ግፊ። አትምቺ፤ ግፊ።»

እናቷ ዓይኗን ጨፈነች። አየለች ገፋች።

ጠቅ።

የብልቃጧ አናት በመጋዝ እንደተቆረጠች ልቅቅ አለች። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።

እልል ያለ የለም። ድሬሰሩ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው መድኃኒቱን ሳቡ፤ አየለች ክንዳቸውን በሁለት እጇ ጨብጣ ደገፈች፤ መርፌው ጭኑ ውስጥ ገባ። አንጁሎ አላለቀሰም። ቢያለቅስ ምነኛ ደስ ባላቸው።

«አሁንስ?» አለች ቦሼ።

«መጠበቅ ነው። ግን...» ድሬሰሩ ግድግዳውን ተደገፉ። «ይህች ብቻዋን አትበቃውም። ማታ ላይ ሌላ ያስፈልገዋል።»

ሦስቱም የራሰውን ወለል አዩ።

«ጂንካ አለ» አሉ ድሬሰሩ። «መኪና ግን በዚህ ጭቃ አይወጣም። ወንዙም ሞልቷል። እኔ ደግሞ እንደምታዩኝ ነኝ።»

ሂጂ ያላት የለም። አየለች የመድኃኒቱ ስም የተጻፈበትን ባዶውን ብልቃጥ በጨርቅ ጠቅልላ ጉያዋ ከተተች፤ ጂንካ ደርሳ ይህን አምጡ ለማለት። የላስቲክ ጫማዋን አውልቃ በር ሥር አኖረች፤ በጭቃ ባዶ እግር ይሻላል።

እናቷ አየቻት። ከአልጋው ሥር አንጁሎን ያመጡበትን ላስቲክ ስባ ውሃውን አራገፈችና ተነስታ ትከሻዋ ላይ ጣለችላት። አንገቷ ሥር ስትቋጥርላት እጇ ቆየ።

አየለች በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰች። ከጫረችበት ወዲህ ኪሷ የነበረውን ነጭ ድንጋይ አውጥታ ሰሃኑ ላይ፣ ከመርፌው አጠገብ አስቀመጠችው።

«ይህን እንዳትጥሉት» አለች። «ስመለስ እንፈልገዋለን።»