የተወለወለው ሜትር

ቀያሹ የሞተው ማንም እንዳያርሰው በተከለከለ መሬት ላይ ነው። መርማሪዋ ስትደርስ ጭቃው ላይ በደረቱ ተደፍቶ ነበር፤ ማጅራቱን የመታው የችካል መዶሻ አጠገቡ ወድቋል። ሃምሳ ሜትር የሚረዝመው መለኪያ ግን በወጉ ተጠቅልሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

መርማሪዋ ቃል ስለማታባክን ባልደረቦቿ «ቆጣቢት» ይሏታል። ሜትሩን ጥቂት መዝዛ አየችው፤ ጭቃ የሚባል የለበትም። የሟቹን ኪስ ፈተሸች። መጥረጊያ ጨርቁ እንደታጠፈ ደረቅ ነው። ከሥሩ ያገኘችውን ደብተር አንብባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሬቱን አሳርፎ ላከረመ ገበሬ መንግሥት ድጎማ ይከፍላል፤ አንዲት ስንዝር ታርሳ ከተገኘች የዓመቱ ክፍያ ይቀራል። እዚህ ቤት ደግሞ ሌላ ገቢ የለም። ቢሆንም ከቁጥቋጦው ጀርባ አንድ መደብ ባቄላ በቅሏል። ሆድ ደንብ አያነብም።

ጠዋት በአካባቢው የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የሟቹ አለቃ የሆነው የድጎማ ቢሮው ኃላፊ፣ ባለመሬቱ ሽማግሌና አማቻቸው።

«ከሟቹ ጋር ተጣልተው ነበር አሉ፤» አለችው ኃላፊውን።

«የሥራ ጉዳይ ነው። ለቁጥጥር ተከትዬው መጣሁ እንጂ ከመኪናዬ አልወረድኩም።»

ወደ አማቹ ዞረች። «ቢመጣ እግሩን እሰብረዋለሁ ብለሃል?»

«ብያለሁ። አፌ ነው እንጂ እኔ ዶሮ እንኳ አርጄ አላውቅም። ሚስቴን ይጠይቋት።»

«እውነቱን ነው፤ የሚያርድልን አባዬ ነው፤» አለች ከገበያ የተመለሰችው ሚስቱ።

«አባባ፣ እርስዎ ሜትር ይዘው ያውቃሉ?»

«እኔ?» አሉ ሽማግሌው። «ከማረሻ በቀር ምን ይዤ፣ ልጄ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሜትሩን ጭቃው ላይ እየዘረጋች በተራ እንዲጠቀልሉት አዘዘች። ኃላፊው ለጫማው እየተጨነቀ ከነጭቃው ጠቀለለው። አማቹም እንደዚያው። ሽማግሌው ተራቸው ሲደርስ ግን ግራ እጃቸው ሳያስቡት የኮታቸውን ጫፍ ያዘ። ሜትሩን በጨርቁ መሐል እያሳለፉ፣ እየወለወሉ እስከ መጨረሻው ጠቀለሉ።

«ከነጭቃው የተጠቀለለ ሜትር ቁጥሩ ይፋቃል፤ ይህን የሚያውቅ የሠራበት ነው፤» አለች መርማሪዋ። «የሟቹ ጨርቅ ደረቅ ነው፤ ስለዚህ የወለወለው እሱ አይደለም። ሰው ገድሎ የሚሸሽም ሜትር አይወለውልም፣ እጁ ካልለመደ በቀር። ስንት ዓመት ሠሩ፣ አባባ?»

ሽማግሌው እጃቸውን አዩ። «ዐሥራ አንድ ዓመት። እሱ ሲጽፍ ጫፉን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ዛሬ ጠዋት ባቄላውን አየና ‹ይህን ምን ብዬ ልጻፈው?› አለኝ፤ ሳቀም። የልጅ ልጆቼ ታዩኝ። መዶሻው እጄ ላይ ነበር።»

ቆጣቢት በሥራ ዘመኗ ሁሉ እንደዚያን ቀን ሥራዋን ጠልታው አታውቅም። ደብተሩን ገለጠች። «‹አርፎ የከረመ፣ ሙሉ በሙሉ። የታረሰ የለም።› ይላል።»

ኃላፊው ፊቱን አዞረ። «ጠዋት ቢሮ ተቀምጦ የጻፈው ነው። የተጣላነውም በዚሁ ነው። ሳትለካ አትጻፍ፣ ሂድና ለካ ብዬ ያስወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ድጎማውስ?» አለች የሽማግሌው ልጅ።

«ባለመሬቱ ከታሰረ ይቆማል፤» አለ ኃላፊው።

ሽማግሌው ይህን የሰሙ አይመስሉም። «እስቲ ድገሚልኝ፣ ልጄ፤» አሉ።

መርማሪዋ ደግማ አነበበችላቸው።